ዲፕ ስቴጅ ማድረግ ፍትሐዊ ነው ወይ? ለራሳችን የድራግ ቀን ደንብ ከመጻፋችን በፊት እንነጋገርበት

ቢጫሦስት (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለሁላችሁ። ሐምሌ ላይ ትራክ ተከራይተን ልናደርገው ስላሰብነው የድራግ (ሁለት መኪና በቀጥታ መንገድ የሚሽቀዳደምበት) ቀን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። መብራቱንና ሰዓቱን የሚያንቀሳቅሱት የትራኩ ሰዎች ናቸው። የውድድሩን ደንብ ግን ጽፈን የምንሰጣቸው እኛ ነን። በምድብና በሽልማት ተስማምተናል። ስለ መነሻው መስመር ግን እስካሁን ማንም ምንም አላለም። ጠብ ከተነሳ ደግሞ የሚነሳው እዚያ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። በቅርቡ እኔ በምሄድበት ትራክ የብራኬት (ሁሉም የራሱን ሰዓት አስቀድሞ ጽፎ የሚሮጥበት) ውድድር ነበር። ተጋጣሚዬና እኔ ሁለታችንም ፕሪስቴጅ አበራን። እኔ ገብቼ ስቴጅ አበራሁ። እሱ ቆመ። ዝም ብሎ ቆመ። የኔ መኪና ቱርቦ ነው፣ ካምቢዮው አውቶማቲክ። በግራ እግሬ ፍሬን ረግጬ፣ በቀኝ እግሬ ነዳጅ ሰጥቼ ነው ቱርቦውን ሞልቼ የምጠብቀው። እንደዚያ ይዞ መቆየት የሚቻለው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ከዚያ ካለፈ የካምቢዮው ዘይት ይግላል፣ መኪናውም ፍሬኑን እየገፋ መንሸራተት ይጀምራል። ሰውዬው ግን ተረጋግቶ፣ ሲበቃው ገባ። ስቴጅ ካበራ በኋላም አላቆመም። ፕሪስቴጁ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ቀስ እያለ ወደፊት ተሳበ። ካምቢዮዬ እንዳይቃጠል ነዳጁን ለቀቅ ባደረግኩበት ቅጽበት ትሪው (የመነሻ መብራቱ) ወረደ። ዙሩ አለቀ።

የትራኩን ሰው ሄጄ ጠየቅኩት። «ምንም ደንብ አልጣሰም» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የተጻፈ ነገር የላቸውም። በኛ ቀን ግን አንድ ሰው እንደዚህ ተናዶ ወደ ቤቱ እንዲሄድ አልፈልግም። ዲፕ ስቴጅን እንከልክል ወይስ እንተው? ሐሳባችሁን ጻፉልኝ።

ኮሮላ_ከቦሌ

እኔ ከአዲስ አበባ ነኝ። ድራግ ስትሪፕ በዓይኔ አይቼ አላውቅም፣ ቪዲዮ ብቻ ነው የማየው። ፕሪስቴጅ፣ ስቴጅ፣ ዲፕ የምትሉትን ለኛም እንዲገባን አድርጋችሁ አስረዱን በናታችሁ።

ጋሽ_ካንዴላ

ልጄ፣ እኔ ላስረዳህ። ብዙ ዓመት በዚህ ሥራ ውስጥ ነኝ።

መነሻው ላይ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብለው መንገዱን አቋርጠው የሚያልፉ ሁለት የብርሃን ጨረሮች አሉ። የፊት ጎማህ የመጀመሪያውን ሲጋርድ ትሪው አናት ላይ የፕሪስቴጅ አምፖል ይበራል። «ደርሰሃል፣ ቀስ በል» ማለት ነው። ሁለተኛው ጨረር ከመጀመሪያው 7 ኢንች፣ ማለትም ወደ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደፊት ነው። እሱን ስትጋርድ ስቴጅ ይበራል። አሁን ዝግጁ ነህ። ሁለቱ መኪኖች ስቴጅ ካበሩ በኋላ ሦስቱ ቢጫ መብራቶች በግማሽ ግማሽ ሰከንድ ልዩነት ተራ በተራ ይወርዳሉ፣ ከመጨረሻው ቢጫ ግማሽ ሰከንድ በኋላ አረንጓዴው ይበራል። አረንጓዴው ሳይደርስ ጎማህ ከስቴጁ ጨረር ከወጣ ቀይ ነው፣ አለቀልህ።

ስቴጁ ገና ብልጭ እንዳለ ወዲያው ብትቆም ሻሎ ይባላል። ስቴጁን አብርተህ፣ የኋለኛው ጨረር ከጎማህ ጀርባ ቀርቶ ፕሪስቴጁ እስኪጠፋ ድረስ ወደፊት ብትሄድ ደግሞ ዲፕ ይባላል። በሁለቱ መካከል ያለው ቦታ ጥቂት ጣት ነው። ሰው የሚጣላው በዚህች ጥቂት ጣት ነው።

ትሪው ራሱ የመጣው ለፍትሕ ነው። ድሮ ባንዲራ የሚያወርድ ሰው ነበር የሚለቃቸው። ሾፌሩ የባንዲራ ያዡን ትከሻና ጉልበት እያየ መቼ እንደሚዘል መገመት ይማር ነበር። ኤንኤችአርኤ (የአሜሪካ የድራግ ውድድር ድርጅት) እ.ኤ.አ. በ1963 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ትሪውን ይዞ ሲመጣ ለሁሉም እኩል የሚታይ ምልክት ተገኘ። ክርክሩ ግን አልቀረም። ባንዲራ ከያዘው ሰው ወጥቶ ወደ ጨረሩ ሄደ እንጂ።

ኮሮላ_ከቦሌ

ጋሼ እድሜ ይስጥልኝ። በደንብ ገባኝ።

ሰናይት_ፉትብሬክ

ቢጫሦስት፣ በደረሰብህ አዝናለሁ። ግን «ዲፕ ይከልከል» ከተባለ እኔን ከውድድሩ አስወጣችሁኝ ማለት ነው።

የኔ መኪና ቀርፋፋ ናት። ቱርቦ የለኝም፣ ትራንስብሬክ (ካምቢዮውን ቆልፎ መኪናውን የሚይዝ) የለኝም፣ ዲሌይ ቦክስ (መነሻውን የሚቆጥር ማሽን) የለኝም። በፍሬን ይዤ ነው የምነሳው። ሻሎ ብገባ የመጨረሻውን ቢጫ ባየሁበት ቅጽበት ብለቅ እንኳ ሪአክሽኔ ሁልጊዜ ይዘገያል። መኪናዋ ፍሬን ከተለቀቀላት በኋላ ጎማዋን ከጨረሩ እስክታወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ይፈጅባታል። ዲፕ ስገባ ከጨረሩ የምወጣበት ርቀት ስለሚያጥር ከሰው እኩል መሆን እችላለሁ። ለማታለል አይደለም። በፊተኛው መስታወቴ ላይ በጫማ ቀለም «ዲፕ» ብዬ በትልቁ እጽፋለሁ። ስታርተሩም (ትሪውን የሚለቀው ሰው) ያየዋል፣ ተጋጣሚዬም ያየዋል።

አንተ ያጋጠመህ ሰው ያጠፋው ዲፕ መግባቱ አይደለም። አንተን አስቀምጦ ማስጠበቁ ነው። እኔ ሁለታችንም ፕሪስቴጅ ሳናበራ ስቴጅ አልገባም። ከገባሁ ደግሞ ወዲያው ነው፣ አልቆምም። ይሄ አብረን ከምንሮጠው ሰው ጋር የቆየ ጨዋነት ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ግን ሁሉም ያውቀዋል።

ስሌት_ወዳጅ

ሰናይት ትክክል ናት። ቁጥሩን ሠርቼ ላሳያችሁ። ብዙ ሰው ዲፕ ስቴጅ ማለት ቀድሞ መነሳት ይመስለዋል። እስቲ እንየው።

ሰዓቱ ሁለት ነገር ነው የሚለካው። ሪአክሽን ታይም ከአረንጓዴው እስከ ጎማው ከስቴጁ ጨረር እስኪወጣ ያለው ነው። የሩጫው ሰዓት፣ ኢቲ የምንለው፣ ከዚያ ጀምሮ እስከ መጨረሻው መስመር ያለው ነው። ሁለቱ ተደምረው ነው መስመሩን ማን ቀድሞ እንዳለፈ የሚወስኑት።

እንበል የሰናይት መኪና ሻሎ ገብታ ሪአክሽኗ 0.180፣ ሩብ ማይሉን ማለትም 402 ሜትሩን በ15.60 ትጨርሳለች። ድምሩ 15.78 ነው። አሁን ዲፕ ገባች። ሪአክሽኗ ወደ 0.080 ወረደ። ግን ኢቲዋ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ሻሎ ስትገባ ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት የምታገኘውን ሩጫ አጥታዋለች። 15.70 ገደማ ትሮጣለች። ድምሩ አሁንም 15.78 ነው። በእውነት ያተረፈችው ጎማዋ ወደፊት የተጠጋባትን ጥቂት ጣት ብቻ ነው። እሱም መጨረሻው መስመር ላይ በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ከ3 ሺህኛ ሰከንድ አካባቢ አይበልጥም።

ስለዚህ ሁለት መኪና እኩል ተነስቶ መጀመሪያ የደረሰ በሚያሸንፍበት ውድድር ዲፕ ስቴጅ ምንም ያህል አይጠቅምም። እንዲያውም በቀይ የመውጣት አደጋው ይጨምራል።

በብራኬት ውድድር ግን ሌላ ነው። እዚያ ሰው መኪናው ስንት እንደምትሮጥ ገምቶ ይጽፋል፣ ዳይል-ኢን ይባላል። ቀርፋፋው በልዩነቱ ልክ ቀድሞ ይለቀቃል። ሰናይት 15.60 ከመጻፍ 15.70 ብትጽፍ አንድ አስረኛ ሰከንድ ተጨማሪ መቅደሚያ ታገኛለች። ጥቅሙ ያለው እዚያ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ሰው ማድረግ ይችላል። የተደበቀ ነገር የለውም። በዚያ ላይ ዲፕ የሚገባ ሰው በየዙሩ ጎማውን እኩል ቦታ ላይ ማቆም አለበት። አንዴ ሁለት ጣት፣ አንዴ አራት ጣት ከሆነ ኢቲው ይዋዥቃል፣ ከጻፈው ቁጥር በታች ከሮጠ ደግሞ ብሬክአውት ሆኖ ይሸነፋል።

ቢጫሦስት

ስሌት_ወዳጅ፣ ይሄን ስላስቀመጥክ በጣም አመሰግናለሁ። የኔም ቅሬታ አሁን ጠርቷል። ቦታው አይደለም፣ ጊዜው ነው። አንድ ሰው ተጋጣሚውን እንደፈለገ የማስቆም መብት ሊኖረው አይገባም። ጨዋነቱ ሰናይት ጋ አለ። ሁሉም ጋ ግን የለም። ስለዚህ በጽሑፍ መሆን አለበት።

ራም_አየር

እኔ ደግሞ አልስማማም። መነሻው ላይ መጠበቅ የውድድሩ አካል ነው። ጭንቅላትህ ካልቻለው ቱርቦህን ቀንስ። ሁለቱም ሰው አልገባም ብሎ የሚተያይበት ሰዓት እኮ ተመልካቹ የሚጮህለት ነው።

ጋሽ_ካንዴላ

ራም_አየር፣ ጩኸቱ እኔም ደስ ይለኛል። ግን እኛ ባለሙያዎች አይደለንም። ብዙዎቹ ልጆች የሚመጡት ሰኞ ወደ ሥራ በሚሄዱበት መኪና ነው። ካምቢዮ ለማሠራት የሚወጣውን ገንዘብ ታውቃለህ። ማኑዋል የያዘውም ፍሪሲዮኑን እየሳበ ይቆያል። አንድ ሰው ስሜት ለመረበሽ ብሎ የሌላውን ቤተሰብ መኪና ካምቢዮ ሊያስበላ አይገባም። ትልልቆቹ እንኳ ገደብ አላቸው። አውቶስታርት የሚባለው ሲስተም ሁለቱ ፕሪስቴጅ ካበሩና አንዱ ስቴጅ ከገባ በኋላ ሰዓት ይቆጥራል። ያልገባው ሰው ጊዜው ካለፈ ይቀጣል።

የአውሮራው

ከኮሎራዶ ነኝ። ባንዲሚር እ.ኤ.አ. በ2023 ከተዘጋ በኋላ የምንሮጥበት ራቅ ብሎ ነው። ፑዌብሎ ድረስ እንነዳለን። ባንዲሚርን ያላየ ሰው ካለ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አልፎ ተራራ ጥግ የነበረ ትራክ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው መኪና ጉልበቱ ይቀንሳል። ቱርቦ ያለው ብዙ አይጎዳም። አዲስ አበባ ከዚያም ከፍ ትላለች። ኮሮላ_ከቦሌ፣ አንድ ቀን እናንተ ጋ ስትሪፕ ቢሠራ ዳይል-ኢን ያለው ውድድር ነው የሚያዋጣችሁ። ሁሉም በራሱ ቁጥር ስለሚሮጥ ከፍታው ማንንም አይበድልም።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ አውቶስታርትን በጣም እደግፋለሁ። ሰው ሲለቅቅ ሁልጊዜ ሐሜት አለ። «ስታርተሩ የሱ ጓደኛ ነው፣ ለሱ ጠበቀው፣ ለኔ ቶሎ ለቀቀው» ይባላል። እውነት ላይሆን ይችላል። ግን እንደኛ ባለ ትንሽ ማኅበረሰብ አንዴ ከተወራ አይበርድም። በኛ ቀን ደግሞ ሁሉም ሰው ከሁሉም ጋር ወይ ዘመድ ነው ወይ አብሮ አደግ። ማሽኑ ይልቀቅ።

ኮሮላ_ከቦሌ

ስትሪፕ ቢኖረን ለሊት በመንገድ ላይ የሚሯሯጡት ልጆች ሁሉ እዚያ በሄዱ ነበር። መንገድ ላይ ማን ቀድሞ ተነሳ በሚል ነው ሁሌ የሚጣሉት፣ የሚለካ ነገር የለማ። አደጋውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ነጭ_ቸርኬ

ስለ ዲፕ ሁሉም ተናገረ። እኔን የሚያበሳጨኝ ሌላ ነው። እንደ እኔ ቀርፋፋ መኪና ያለው ሰው ቀድሞ ነው የሚነሳው። እንበል እኔ 15.70 ጻፍኩ፣ ተጋጣሚዬ 12.20 ጻፈ። ሦስት ሰከንድ ተኩል እቀድመዋለሁ። እኔ በ1 ሺህኛ ሰከንድ ቀይ ካወጣሁ አለቀ፣ እሱ አሸነፈ። እሱ ከኔ በባሰ ቀድሞ ሊነሳ ይችል ነበር እኮ! ግን የሱ ቀይ አይቆጠርም፣ አረንጓዴ ይሰጠዋል። ይሄ ፍትሕ ነው?

ስሌት_ወዳጅ

ነጭ_ቸርኬ፣ ጥያቄህ በጣም ተገቢ ነው። እኩል በሚነሱበት ውድድር «መጀመሪያ ቀይ ያወጣ ይሸነፋል» ማለት ብዙም አይጎዳም። መቅደሚያ ባለበት ግን ሁልጊዜ የመጀመሪያውን ዕድል የሚያበላሸው ቀርፋፋው ነው። ለዚህ መፍትሔ አለ። አንዳንድ የሰዓት ሲስተሞች የሁለቱንም ቀይ አወዳድረው የባሰ የቸኮለውን ተሸናፊ ያደርጋሉ። የምንከራየው ትራክ ሲስተም ይሄ ካለው እንዲያበሩልን እንጠይቅ። ከሌለው ግን ሾፌሮች ስብሰባ ላይ በግልጽ ይነገር። ሰው አሠራሩን ቀድሞ ካወቀ ቢያንስ እንዴት እንደሚነሳ ያስብበታል።

ነጭ_ቸርኬ

አመሰግናለሁ። እንዲጠየቅልን እፈልጋለሁ።

ፎርድ_ነኝ

ቴስላ ይግባ ወይስ አይግባ? ያ ነገር በየዙሩ አንድ ዓይነት ሰዓት ይሮጣል። ማርሽ መቀያየር የለበት።

ሰናይት_ፉትብሬክ

ይግባ። ዳይል-ኢን እስካለ ድረስ ፈጣን መሆን ብቻውን አያሸንፍም። ሾፌሩ መብራቱ ላይ ካንቀላፋ እኔም አሸንፈዋለሁ። ዲሌይ ቦክስ ያላቸውን ብቻ በሌላ ምድብ አድርጉልን። እጅ በቁልፍ ላይ አድርጎ የመጀመሪያውን ቢጫ አይቶ ማሽን እንዲቆጥርለት የሚያደርግ ሰውና በእግሩ የሚነሳ ሰው አብረው ሊሮጡ አይገባም።

አቡዳቢ_ሌን

ሰላም ከዚህ። ያስ ማሪና ላይ የድራግ ምሽቶችን እከታተላለሁ። ቀጥታ እኩል ለሚነሳው ምድብ ፕሮ ትሪ ተጠቀሙ። ሦስቱ ቢጫዎች አንድ ላይ ይበራሉ፣ ከ0.4 ሰከንድ በኋላ አረንጓዴው ነው። ለብራኬቱ ግን ሙሉ ትሪው ይሁን። ለጀማሪ ሰው ፕሮ ትሪ ከባድ ነው፣ ተራ በተራ የሚወርደውን ቢቆጥር ይሻለዋል።

ራም_አየር

እሺ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። ኤንኤችአርኤ ራሱ በሱፐር ኮምፕ፣ በሱፐር ጋስና በሱፐር ስትሪት ዲፕ ስቴጅ ይከለክላል። ትልልቆቹ ከከለከሉት እኛ ለምን እንፈቅዳለን?

ጋሽ_ካንዴላ

ጥሩ ነገር አነሳህ። እነዚያ ምድቦች ግን ሌላ ናቸው። ሁሉም ሰው ለአንድ የተወሰነ ቁጥር ነው የሚሮጠው፣ 8.90፣ 9.90፣ 10.90። ዳይል-ኢንህን በዲፕ ልክ አትቀይርም። ፕሮ ትሪ ነው፣ መኪኖቹም ትራንስብሬክ ያላቸው የውድድር መኪኖች ናቸው። የኛዋ ሰናይት ከነሱ ጋር ምን ታደርጋለች? የብራኬት ሰው በየሳምንቱ ትራኩ ላይ ዲፕ ይገባል፣ ስታርተሩ ግን እንዲጠብቀው አይገደድም። ሚዛኑ እዚያ ነው ያለው። ዲፕ መግባት ትችላለህ፣ ግን ገና እየተሳብክ ሳለ ትሪው ከወረደብህ የራስህ ጉዳይ ነው። ሌላውን ማንንም አታስቆምም።

ሳልረሳው፣ ሄልሜትም ደንቡ ውስጥ ይግባ። በኤንኤችአርኤ ደንብ ሩብ ማይሉን በ13.99 ወይም ከዚያ በፈጠነ ሰዓት የሚጨርስ ሁሉ ሄልሜት ግዴታው ነው። «እኔ እኮ አንድ ዙር ብቻ ነው» የሚል ሰው እንዳይመጣብን።

ራም_አየር

ጋሼ፣ አሁን ገባኝ። እንዲህ ከሆነ ድምፄን ለእርስዎ ሐሳብ እሰጣለሁ።

ቢጫሦስት

በጣም ጥሩ። እስካሁን ከተባለው ይሄን ጽፌ ለትራኩ ሰዎች ልልክ አስቤያለሁ፤ አንብቡና የሚስተካከል ካለ ንገሩኝ።

ሁለቱም መኪኖች ፕሪስቴጅ ሳያበሩ ማንም ስቴጅ አይገባም። አንዱ ስቴጅ ከገባ በኋላ ሌላው በ10 ሰከንድ ውስጥ መግባት አለበት፣ ካልገባ ዙሩን ያጣል። ወደፊት ብቻ ነው የሚኬደው። ስቴጅ ገብቶ ወደ ኋላ ተመልሶ እንደገና መግባት የለም። ዲፕ የሚገባ ሰው በፊተኛው መስታወቱ ላይ «ዲፕ» ብሎ ይጽፋል፣ ግን ትሪው እሱን አይጠብቅም። ትሪው በአውቶስታርት ይለቀቃል። ሲስተሙ ከፈቀደ የሁለቱ ቀይ ይወዳደራል። የመሃል መስመር ያለፈ ሰው ግን ሌላው ቀይ ቢያወጣም እንኳ ይሸነፋል፣ ምክንያቱም ያ የሰው ሕይወት ነው። ዲሌይ ቦክስ ያላቸው ለብቻቸው ይሮጣሉ።

አንድ ነገር ብጨምር ደስ ይለኛል። በሙከራ ዙር ላይ ሆን ብሎ እየቀነሰ ሮጦ፣ ኋላ ከፍ ያለ ቁጥር ጽፎ፣ መጨረሻው ላይ ፍሬን እየረገጠ የሚያሸንፍ ሰው አለ። ብሬክአውት የሚቀጣው ከጻፈው ቁጥር በታች የሮጠውን ነው። ይሄ ሰው ግን በፍሬኑ ከቁጥሩ በላይ እያረፈ ያመልጣል። የሚያስፈራኝ የፍሬኑ ነገር ነው። በዚያ ፍጥነት መስመሩ ላይ ፍሬን ረግጦ መኪናው ቢወላገድ ጎን ያለውን ይዞ ነው የሚሄደው። ጎማው እስኪያጨስ ፍሬን የረገጠ ሰው ዙሩን ያጣል የሚል ልጽፍ ነው።

የአውሮራው

በሁሉም እስማማለሁ። በተለይ የፍሬኑን ጻፈው።

ሰናይት_ፉትብሬክ

ዲፕን ስላልከለከላችሁ አመሰግናለሁ። ግን 10 ሰከንዱ ያስጨንቀኛል። ለኔ ይበቃል፣ ለአዲሶቹ ግን አይበቃም። ለመጀመሪያ ጊዜ ትሪው ፊት የቆመ ሰው አምፖሉን ፈልጎ ሲያገኝ፣ በመካከል መኪናው አልፎ ሲሄድበት ጊዜ ይፈጃል። ከመካከላችን ብዙዎቹ ይሄ የመጀመሪያ ቀናቸው ነው። 15 ይሁን።

ቢጫሦስት

15 ለቱርቦ መኪና ረጅም ነው። ግን ሐሳብሽ ይገባኛል።

ጋሽ_ካንዴላ

በምድብ ለዩት። ለጀማሪዎቹ ምድብ 15፣ ለሌሎቹ 10። ቢጫሦስት፣ አንተ ደግሞ ተጋጣሚህ ፕሪስቴጅ ላይ እያለ ቱርቦውን አትሙላ። ስቴጁ ሲበራለት አይተህ ሙላ። አውቶስታርቱ ሁለታችሁም ከገባችሁ በኋላ ትንሽ ጊዜ ይሰጥሃል።

ቢጫሦስት

እሺ ጋሼ፣ በምድብ ለይቼ ጽፌዋለሁ። ነገ ጠዋት ለትራኩ ሰዎች እልካለሁ። አውቶስታርታቸው ለሁለት ምድብ ሁለት የተለያየ ሰከንድ መያዝ ይችል እንደሆነም እጠይቃቸዋለሁ። መልሱን እዚሁ አሳውቃችኋለሁ።

ነጭ_ቸርኬ

የቀዩንም እንዳትረሳብኝ።